መጨረሻው ከታወቀ በኋላ «ትዋይላይት ዞን»ን ማየት ምን ይጠቅማል?

ጥያቄው የመጣው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚኖሩ አንባቢ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«አሜሪካ በመጣሁ ሰሞን ቋንቋውን ለመልመድ ብዬ ቴሌቪዥን አበዛ ነበር። ካየሁት ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ጥቁርና ነጩ ‹ትዋይላይት ዞን› ነው። በፈረንጆች አዲስ ዓመት ቀኑን ሙሉ ሲያሳዩት ከሶፋ አልነሳም ነበር። አሁን ከ16 ዓመት ልጄ ጋር እንደገና ላየው ፈለግሁ። እሷ ግን ‹አባዬ፣ የሁሉንም መጨረሻ ኢንተርኔት ላይ አይቼዋለሁ፤ መጨረሻው ከታወቀ ምን ቀረው?› አለችኝ። እኔም አብዛኛውን አስታውሳለሁ። እውነት ምን ቀረው? የትኞቹስ ክፍሎች ዛሬም ይታያሉ?»

ለጥያቄዎ አመሰግናለሁ። የቴሌቪዥን ድራማ ድርሰት አስተምራለሁ። ይህን ድራማ ለተማሪዎቼ ሳላሳይ ያለፍኩበት ጊዜ የለም፤ ስለዚህ ደስ ብሎኝ ነው የምመልሰው። የልጅዎ ጥያቄ ትልቅ ጥያቄ ነው። ይህን ድራማ ለመመዘን ከሱ የተሻለ መመዘኛ አላውቅም። መጨረሻው ሲታወቅ የሚያበቃለት ክፍል አለ። መጨረሻው ከታወቀ በኋላ ገና የሚጀምር ክፍልም አለ። ከ60 ዓመት በላይ ያቆዩት እነዚህ ሁለተኞቹ ናቸው።

አንድ ማሳሰቢያ። ከዚህ በታች የበርካታ ክፍሎችን መጨረሻ እናገራለሁ። ድራማውን ጨርሶ ያላየ አንባቢ ካለ፣ የሁለተኛውን ሲዝን 6ኛ ክፍል አይቶ ቢመለስ ደስ ይለኛል። 25 ደቂቃ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ለማያውቁት በአጭሩ ላስተዋውቅ። «ትዋይላይት ዞን» በሲቢኤስ ቴሌቪዥን ኦክቶበር 2 ቀን 1959 ተጀምሮ ጁን 1964 ያበቃ ድራማ ነው። 5 ሲዝን፣ በድምሩ 156 ክፍል አለው። እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ ባለታሪኮቹም፣ ቦታውም፣ ዘመኑም በየሳምንቱ ይቀየራሉ። አንድ ቀን ጠፈር ላይ ነን፣ በሚቀጥለው ሳምንት ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ ባንክ ቤት። ሁሉንም የሚያያይዘው መግቢያና መውጫ ላይ የሚናገረው ሰው ነው። ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ጥርሱን ገጠም አድርጎ የሚናገረው ያ ሰው ሮድ ሰርሊንግ ይባላል። ድራማውን የፈጠረው እሱ ነው። ከ156ቱ ክፍሎች 92ቱን የጻፈውም እሱ ነው። ይህን ቁጥር ለድርሰት ተማሪዎች ስነግራቸው ዝም ይላሉ። አምስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ መሆኑን ልብ ይበሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ልጅዎ የምታውቀው መጨረሻውን ነው። ለምን እንደዚያ እንደተጻፈ ግን ማንም የነገራት አይመስለኝም። እሱን ሳያውቁ ድራማውን ማየት ግማሹን ብቻ ማየት ነው።

ሰርሊንግ በ1924 ተወልዶ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ቢንግሃምተን በምትባል ከተማ አደገ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ ፓራሹተኛ ወታደር ሆኖ ፊሊፒንስ ዘመተ፤ ቆሰለ፤ ጓደኞቹ አጠገቡ ሲሞቱ አየ። አባቱም እሱ ውትድርና ላይ እያለ አረፉ። ከጦርነቱ ተመልሶ መጻፍ ጀመረ። በ1955 እና በ1956 የጻፋቸው ሁለት የቴሌቪዥን ድራማዎች ስመ ጥር አደረጉት። በወቅቱ ድራማ የሚተላለፈው በስፖንሰር ገንዘብ ነበር። የስፖንሰሩ እጅ ደግሞ ቃል በቃል ድርሰቱ ውስጥ ይገባል። ሰርሊንግ ደጋግሞ ይናገረው የነበረ ምሳሌ አለ። አንድ ገጸ ባሕርይ «ክብሪት አለህ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ ስፖንሰሩ የሲጋራ መለኮሻ አምራች ስለነበር ክብሪት የሚለው ወጣ። ይህ ቀላሉ ነው።

ከባዱ የመጣው ከ1955 በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ኦገስት ወር ኤሜት ቲል የተባለ የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ ሚሲሲፒ ውስጥ በግፍ ተገደለ። ገዳዮቹ ነጮች ነበሩ፤ ነጮች ብቻ የተቀመጡበት ዳኝነት በነጻ አሰናበታቸው። በማግስቱ ዓመት ራሳቸው ለመጽሔት ገንዘብ ተቀብለው እኛ ነን የገደልነው አሉ። ሰርሊንግ ይህን ነገር ዝም ብሎ ማለፍ አልቻለም። ስለ አንድ ነፍሰ ገዳይና እሱን ስለሚከልል ከተማ ድራማ ጻፈ። ወሬው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ የደቡብ ግዛቶች የዘር መድልዎ ደጋፊዎች ስፖንሰሩን እናድማለን ብለው አስፈራሩ። ከዚያ በኋላ ድርሰቱ ተቆራረጠ። ታሪኩ ከደቡብ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ኒው ኢንግላንድ ተወሰደ። ሟቹ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የውጭ አገር ሰው ተደረገ። ሰርሊንግ እንደሚለው የኮካ ኮላ ጠርሙስ እንኳን ደቡብን ያስታውሳል ተብሎ ከትዕይንቱ ተነሣ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1958 እንደገና ሞከረ። አሁንም ታሪኩ ወደ 1870ዎቹ ተወስዶ ሟቹ ሜክሲኳዊ ሆነ።

አንድ ደራሲ ሁለት ጊዜ እንዲህ ሲደረግበት ወይ ይተዋል ወይ መንገድ ይቀይራል። ሰርሊንግ መንገድ ቀየረ። «ትዋይላይት ዞን» ሊጀምር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከጋዜጠኛው ማይክ ዋላስ ጋር ቃለ ምልልስ አድርጎ ነበር። ከስፖንሰር ጋር መጣላት እንደደከመው፣ አዲሱ ድራማም ወቅታዊ ማኅበራዊ ጉዳይ ውስጥ እንደማይገባ ተናገረ። ቃለ ምልልሱ ዛሬም ይገኛል፤ ከልጅዎ ጋር ቢያዩት እመክራለሁ። ከዚያ በኋላ በተከታተሉት አምስት ዓመታት ስለ ዘረኝነት፣ ስለ ኒውክሌር ጦርነት፣ ስለ ናዚዎች፣ በፍርሃት ጎረቤቱን ስለሚበላ ሕዝብ ጻፈ። በየታሪኩ ግን ማርስ አለ፣ ሮቦት አለ፣ ጊዜ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሳሙናና ሲጋራ የሚሸጠው ስፖንሰር ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ሲያይ አይከፋውም። ቅኔ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሰሙ ማርስ ነው፤ ወርቁ ሚሲሲፒ ነው።

መጨረሻውን ብቻ ማወቅ የማይበቃውም ለዚህ ነው። መጨረሻው ሰሙ ላይ ያለ ክስተት ነው። ወርቁ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ እየተነገረ ነው። በመጀመሪያው እይታ አይሰማም፤ ምክንያቱም ተመልካቹ «ምን ይፈጠር ይሆን?» እያለ ይጨነቃል። ሁለተኛ ሲያይ ጭንቀቱ ስለሌለ ጆሮው ይከፈታል።

አንዱን ክፍል ቀረብ ብለን እንየው። የሁለተኛው ሲዝን 6ኛ ክፍል፣ «አይ ኦቭ ዘ ቢሆልደር» ይባላል። ኖቬምበር 11 ቀን 1960 ነው የተላለፈው። ድርሰቱ የሰርሊንግ ነው፤ ዳይሬክተሩ ዳግላስ ሄይስ፣ የካሜራ ባለሙያው ጆርጅ ክሌመንስ። ታሪኩ እንዲህ ነው። ጃኔት ታይለር የተባለች ሴት ሆስፒታል ተኝታለች። ፊቷ በሙሉ በፋሻ ተጠቅልሏል። ስትወለድ ጀምሮ መልኳ ሰው የሚያስደነግጥ ነው ተብሏል። መንግሥት እንደ ሰው እንድትመስል አሥራ አንድ ጊዜ ሕክምና ፈቅዶላታል። ይህ የመጨረሻው ነው። ካልተሳካ እሷን መሰሎች ወደተከማቹበት መንደር ትላካለች። ፋሻው ሲፈታ በዛሬ ዓይን የፊልም ተዋናይ የምታክል ቆንጆ ሴት ናት። ሐኪሙ ግን «ምንም ለውጥ የለም!» ብሎ ይጮኻል። መብራቱ ሲበራ የሐኪሞቹንና የነርሶቹን ፊት እናያለን። የተጣመመ ከንፈር፣ የአሳማ የመሰለ አፍንጫ፣ የጎደጎደ ዓይን።

ልጅዎ ይህን ታውቃለች። አሁን እያወቀች ትየው። መጀመሪያ የምታስተውለው ነገር፣ ከ15 ደቂቃ በላይ የአንድም ሰው ፊት እንዳላየች ነው። ሐኪሙ ጀርባውን ሰጥቶ ይናገራል። ነርሷ ከጨለማ ወደ ጨለማ ትራመዳለች። ሲጋራ የያዘ እጅ ይታያል፣ ፊቱ ጥላ ነው። ካሜራው ከመጋረጃ ጀርባ፣ ከመብራት በታች፣ ከአልጋው ሥር ያያል። ያም ሆኖ የመጀመሪያ ጊዜ ተመልካች አንድም ጊዜ «ፊታቸውን ለምን ደበቁት?» አይልም። ምክንያቱም ዓይኑ ፋሻው ላይ ነው። የተደበቀው ነገር ፋሻው ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ይህን ማድረግ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ካሜራ ይዞ የሞከረ ያውቀዋል። አንድ ተዋናይ አንዴ ዞር ቢል ሁሉ ነገር ያበቃል። ተዋንያኑ በእንቅስቃሴ፣ በእጅ፣ በድምፅ ብቻ መሥራት ነበረባቸው። የሐኪሙን ድምፅ ልብ ብላችሁ ስሙት፤ የሚያሳዝን፣ የሚራራ ድምፅ ነው። በፋሻው ውስጥ ያለችው ተዋናይ ማክሲን ስቱዋርት ናት። ፋሻው ሲፈታ የምናያት ደግሞ ሌላ ተዋናይ ናት፣ ዶና ዳግላስ። ስፌቱ አይታይም።

ሁለተኛ የምታስተውለው ቃላቱን ነው። ሐኪሙ ከነርሷ ጋር ብቻውን ሲሆን ስለ ታማሚዋ ይናገራል። ከዚያ ከተጣመመ ሥጋ በታች እውነተኛዋን ሴት አይቻለሁ፣ ጥሩ ፊት ነው ይላል። ሰው የተለየ መልክ ቢኖረው ለምን አይፈቀድለትም የሚል ጥያቄ አፉ ላይ ይመጣል። ነርሷ ደንግጣ ታስቆመዋለች፤ እንዲህ ያለ ነገር መናገር ክሕደት ነው ትለዋለች። መጀመሪያ ስናይ ይህ የደከመው ሐኪም ወሬ ይመስላል። ሁለተኛ ስናይ የክፍሉ ልብ እዚህ ጋ ነው። ሁሉም የሚፈራበት አገር ውስጥ ነው ያለነው። ሐኪሙም ይፈራል። ታማሚዋ ከሱ ይልቅ ደፋር ናት፤ መንግሥት ማን ሆኖ ነው እንዲህ የሚወስነው ብላ የምትጮኸው እሷ ናት። መጨረሻ ላይ ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን አንድ መሪ ብቅ ይላል። ስለ አንድ ዓይነት መልክ፣ ስለ አንድ ዓይነት አስተሳሰብ፣ ልዩነትን ስለ ማጥፋት ይደነፋል። ድምፁን የሰማ ሁሉ ሂትለርን ያስታውሳል።

የአሳማው ፊት ለአንድ ደቂቃ ያስደነግጣል። የሐኪሙ ፍርሃት ግን ከሁለተኛው እይታ በኋላ አይለቅም። እኔ ይህን ክፍል ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም፤ ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ አሁንም ሆዴ ይላወሳል።

«ዘ ሞንስተርስ አር ዱ ኦን ሜፕል ስትሪት» ደግሞ የመጀመሪያው ሲዝን 22ኛ ክፍል ነው፤ ማርች 1960። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤቶች ያስተምሩታል፤ ልጅዎ ክፍል ውስጥ አንብባው ሊሆን ይችላል። አንድ ሰላማዊ መንደር ነው። ቅዳሜ ማምሻውን ሰማይ ላይ የሆነ ብርሃን ያልፋል። መብራት፣ ስልክ፣ መኪና፣ ሁሉም ቀጥ ይላል። አንድ ልጅ ካነበበው የስዕል መጽሔት ተነሥቶ «ከሌላ ዓለም የሚመጡት አስቀድመው ሰው የሚመስል ቤተሰብ ይልካሉ» ይላል። የተናገረው ይህን ብቻ ነው። ከዚያ የአንዱ ጎረቤት መኪና በራሱ ይነሣል። ወዲያው «ይሄ ሰውዬ ሌሊት ሌሊት ሰማይ ሰማይ ያያል» የምትል ጎረቤት ትወጣለች። እንቅልፍ ስለሚያስቸግረው ነበር። ከዚያ የሌላው ተራ ይመጣል። ጨለማ ውስጥ የሚመጣ ሰው ጥላ ይታያል፤ አንዱ ጠመንጃ አንሥቶ ይተኩሳል። የተገደለው ወደሚቀጥለው ሰፈር ሁኔታውን አይቶ ሊመለስ የሄደው የራሳቸው ጎረቤት ነው።

የዚህን ክፍል መጨረሻ ብዙ ሰው ያስታውሳል። ኮረብታው ላይ የተቀመጡ ሁለት ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን መብራት እያጠፉና እያበሩ ሰዎቹ እርስ በርስ ሲተላለቁ ያያሉ። እኔ ግን ይህን መጨረሻ ብትቆርጡት ክፍሉ ምንም አይጎድለውም እላለሁ። ደግመው ሲያዩ ማን መቼ ምን እንዳለ ይከታተሉ። መጀመሪያ የሚከሰሰው ሰው፣ ተራው ሲደርስ ሌላውን ለመክሰስ ይቸኩላል። ለማረጋጋት የሚሞክረው ስቲቭ የሚባለው ሰው ራሱ ምድር ቤቱ ውስጥ ስለሚሠራት ሬዲዮ ይጠየቃል። ሬዲዮዋን ማንም አይቷት አያውቅም፤ ስላላዩዋት ነው የጠረጠሩት። ሰርሊንግ ይህን ሲጽፍ የማካርቲ ዘመን ካበቃ ገና ጥቂት ዓመት ነው። ኮሚኒስት ነህ ተብሎ ሥራውን ያጣ ደራሲና ተዋናይ እዚያው ሆሊውድ ሞልቷል። እኛም በጥቆማ ሰው የሚታሰርበትን ጊዜ የምናውቅ ሰዎች ስለሆንን ይህ ክፍል ቤታችን ድረስ ይመጣል። ልጅዎ ከጨረሰች በኋላ እርስዎ የሚነግሯት ነገር ካለ፣ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

መጨረሻው ሲታወቅ የሚደክሙትንም ልንገርዎ። «ዘ ኢንቬደርስ» ሁለተኛ ሲዝን፣ 15ኛ ክፍል ነው። ብቻዋን የምትኖር ገበሬ ሴት ከጣሪያዋ ላይ ከወረዱ ጥቃቅን ፍጡራን ጋር ትታገላለች። መጨረሻ ላይ ፍጡራኑ አሜሪካውያን ጠፈርተኞች፣ እሷ ደግሞ የሌላ ፕላኔት ግዙፍ ሰው መሆኗ ይታወቃል። ይህ ከታወቀ በኋላ ታሪኩ ራሱ ብዙም የሚናገረው አይኖርም። የሚቀረው የአግነስ ሙርሄድ ትወና ነው። አንዲት ቃል ሳትናገር፣ በትንፋሽና በጩኸት ብቻ ክፍሉን ብቻዋን ትሸከማለች። ለሷ ሲባል አንዴ ይታይ።

«ታይም ኢነፍ አት ላስት»፣ የመጀመሪያው ሲዝን 8ኛ ክፍል፣ ከሁሉም ዝነኛው ነው። መጽሐፍ የሚወድ የባንክ ሠራተኛ ከኒውክሌር ፍንዳታ ብቻውን ይተርፋል። ቤተ መጻሕፍት ፍርስራሽ ውስጥ መጻሕፍቱን በየወሩ ደርድሮ ሊያነብ ሲል መነጽሩ ይሰበራል። ሁሉም ሰው መነጽሩን ያስታውሳል። እኔ ግን ደግሜ ባየሁት ቁጥር የሚያመኝ ሌላ ትዕይንት ነው። ሚስቱ ግጥም አንብብልኝ ትለዋለች። ደስ ብሎት መጽሐፉን ሲከፍት እያንዳንዱ ገጽ በእሷ እጅ ተሰርዟል። ተዋናዩ በርጀስ ሜርዲት እዚያ ጋ የሚያሳየው ፊት ከመነጽሩ ሁሉ ይበልጣል። ከዚያ ውጭ ግን መጨረሻው ይጨክናል፤ ሰውየው ምን በድሎ እንዲህ እንደተቀጣ ድርሰቱ አይነግረንም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ከኔ ጋር አይስማማም፤ አቋሜን ግን አልቀይርም።

«ናይትሜር አት ትዌንቲ ታውዘንድ ፊት» አምስተኛ ሲዝን፣ 3ኛ ክፍል ነው። ዊልያም ሻትነር አውሮፕላን ክንፍ ላይ ጭራቅ ያያል። ድርሰቱ የሪቻርድ ማቲሰን ነው። ጭራቁ ጸጉራም ልብስ የለበሰ ሰው መሆኑ ዛሬ ያስታውቃል፤ ልጅዎ ትስቅ ይሆናል። ትሳቅ። ከዚያ በኋላ ግን ሻትነርን ትየው። ሰውየው የአእምሮ ሕመም አጋጥሞት ገና ከሕክምና መውጣቱ ነው። የሚፈራው ጭራቁን ብቻ አይደለም፤ ሚስቱ «እንደገና ታመመ» ብላ እንዳታስብ ነው። እውነት እያወራ የማይታመን ሰው ጭንቀት ልብሱ ባረጀ ቁጥር አያረጅም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ዱብ ዕዳ መጨረሻዎች ነው። የድራማው ምርጥ ክፍል ግን ዱብ ዕዳ የለውም። የመጀመሪያው ሲዝን 5ኛ ክፍል፣ «ዎኪንግ ዲስታንስ»፣ ኦክቶበር 30 ቀን 1959። ማርቲን ስሎን 36 ዓመቱ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ማስታወቂያ ሥራ ላይ ትልቅ ቦታ ደርሷል፤ ግን ደክሞታል። መኪናው ለጥገና ቆሞ ሳለ በእግሩ ወደ ተወለደባት ከተማ ይሄዳል። ሲደርስ ከተማዋ የዛሬ 25 ዓመቷ ናት። አባቱና እናቱ በሕይወት አሉ። ራሱን በልጅነቱ ያገኘዋል። «እኔ እኮ ማርቲን ነኝ» እያለ በር ያንኳኳል፤ እናቱ በጥፊ ትመታዋለች። በኋላ አባትየው ቦርሳውን አግኝተው፣ ገና ያልመጣ ዓመት የተጻፈበትን ገንዘብ አይተው ማንነቱን ያምናሉ። ከዚያ አባትና ልጅ ምሽት ላይ ይነጋገራሉ። አባትየው መሄድ አለብህ ይሉታል። እዚህ ያለው ክረምት የዚያ ልጅ ነው፤ አንተም የራስህን ኖረሃል፤ ምናልባት እዚያ በምትኖርበትም ፈልገህ አላየህ ይሆናል ይሉታል።

ይህን ትዕይንት የጻፈው ሰው አባቱን ሳይሰናበት የቀረ ሰው ነው። ያን ካወቁ በኋላ አባትየው የሚናገሩትን እያንዳንዱን ቃል ሌላ ጆሮ ይሰማዋል። ሙዚቃው የበርናርድ ኸርማን ነው፤ የበርካታ የሒችኮክ ፊልሞችን ሙዚቃ የሠራው ያው ሰው። ቢንግሃምተን ውስጥ ያለው የሰርሊንግ የልጅነት መናፈሻም፣ የሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶችም እውነተኛ ናቸው። አገሩን ትቶ የመጣ ሰው ይህን ክፍል ከማንም በላይ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ። እርስዎ ብቻዎን አስቀድመው ቢያዩት ይሻላል፤ ከልጅዎ ጋር ሲያዩት መናገር እንዲችሉ።

ሰርሊንግን ማድነቄ እንከን የለበትም ማለት አይደለም። ንግግር ያበዛል። ድርሰቱን ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ወደ ቴፕ እየተናገረ ነበር፤ ያ ያስታውቃል። ገጸ ባሕርያቱ አንዳንዴ እንደ ሰው መነጋገር ትተው እንደ ሰባኪ ይናገራሉ። አስቂኝ ሊሆኑ የተሠሩት ክፍሎች አብዛኞቹ አያስቁም። «ካቬንደር ኢዝ ካሚንግ» የሚባለው፣ ከጀርባው የተቀዳ ሳቅ የተጨመረበት፣ ካሮል በርኔት ባትኖርበት ጨርሶ ባይሠራ ይሻል ነበር።

ስለ ሲዝኖቹም ትንሽ ልበል፤ ሲያዩ ግራ እንዳይገባዎት። ሁለተኛው ሲዝን ላይ ስድስት ክፍሎች ወጪ ለመቆጠብ በፊልም ፈንታ በቪዲዮ ቴፕ ተቀርጸዋል። ምስሉ ጠፍጣፋ ነው፤ ከስቱዲዮ አይወጣም፤ ጥላው ሁሉ ጠፍቷል። ጥላ የሌለው «ትዋይላይት ዞን» ግማሽ ነው። አራተኛው ሲዝን ደግሞ ጣቢያው ሰዓቱን ስለቀየረው 18ቱም ክፍሎች የአንድ ሰዓት ናቸው። ለ25 ደቂቃ የሚበቃ ሐሳብ ሲለጠጥ ይሰለቻል። ከነዚያ አንዱን ልምረጥ ብትሉኝ «ሂ ኢዝ አላይቭ»ን እመርጣለሁ። ወጣቱ ዴኒስ ሆፐር ሰሚ ያጣ የናዚ ቡድን መሪ ሆኖ ይሠራል፤ ከጨለማ ውስጥ አንድ ሰው ሕዝብን እንዴት መቀስቀስ እንደሚቻል ያስተምረዋል። ጥላው ማን እንደሆነ ገና ሳይታይ ይገባናል። ዛሬም ያስፈራል። አምስተኛው ሲዝን ውስጥ ደግሞ እንግዳ ነገር አለ፤ ፈረንሳዊው ሮቤር ኤንሪኮ የሠራው አጭር ፊልም ተገዝቶ እንደ አንድ ክፍል ተላልፏል። በስቅላት ሊሞት ስለቆመ ሰው ነው። ይህ ፊልም በካን የፊልም ፌስቲቫልም በኦስካርም አሸንፏል።

ከዚያ በኋላ በ1985፣ በ2002 እና በ2019 ድራማው እንደገና ተሠርቷል። ጥሩ ጥሩ ክፍሎች አሏቸው። የመጨረሻውን ያቀረበው ጆርዳን ፒል ነው፤ የሰርሊንግ ነገር የገባው ሰው መሆኑ ይታያል። ነገር ግን ብዙዎቹ ክፍሎች ሊሉ የፈለጉትን ፊት ለፊት ይሉታል። ዛሬ የሚከለክል ስፖንሰር የለም፤ ስለዚህ መደበቅም የለም። እኔ በግሌ ያ ይጎድለኛል።

አሁን ተግባራዊውን ልንገርዎ። ከልጅዎ ጋር በ«ሜፕል ስትሪት» ይጀምሩ፤ ፈጣን ነው፣ ለዛሬ ልጅም አይከብድም። ቀጥሎ «አይ ኦቭ ዘ ቢሆልደር»ን አብራችሁ እዩት፤ ፊት የሚደበቅበትን እያንዳንዱን መንገድ እሷ ትቁጠር። ከዚያ ሦስተኛ ሲዝን 3ኛ ክፍል፣ «ዘ ሼልተር»። ጎረቤታሞች የቦምብ መጠለያ በር ላይ የሚሆኑትን ሲያዩ ምንም ማርስ አያስፈልግም። ከሦስተኛው ሲዝን 8ኛውንም አይለፉት፤ ሁሉን ማድረግ የሚችል የስድስት ዓመት ልጅ መንደሩን ሁሉ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» እያስባለ ያኖራል። አምባገነንነትን እንዲህ ያሳየ ብዙ አላየሁም። 9ኛው ክፍል፣ «ዴዝ ሄድ ሪቪዚትድ»፣ የቀድሞ የናዚ መኮንን ዳካው ወደሚባለው ማጎሪያ ካምፕ ናፍቆት ይዞት ሲመለስ ነው። የተላለፈው ኖቬምበር 1961 ነው፤ የአይሁድ ጭፍጨፋ ዋና አቀናባሪ ከነበሩት አንዱ የሆነው ናዚው አይክማን ኢየሩሳሌም ላይ ተዳኝቶ ፍርዱ በሚጠበቅበት ወቅት። ከባድ ነው፤ አብረዋት ይቀመጡ።

በአንድ ምሽት ከሁለት ክፍል በላይ አትዩ። በሳምንት አንድ ለማየት የተሠራ ነገር በተከታታይ ሲታይ መጨረሻዎቹ ይደባለቃሉ፤ የአዲስ ዓመቱ ማራቶንም ይህ ችግር አለበት። ሌላው ደግሞ ከቴሌቪዥን ድግግሞሽ ስርጭት ላይ አትዩት። ለማስታወቂያ ቦታ ለማግኘት ከየክፍሉ ደቂቃዎች ተቆርጠው ይወጣሉ። የሚቆረጡት ደግሞ ዝግ ያሉ ቦታዎች ናቸው፤ የሐኪሙና የነርሷ ዓይነት ወሬ። ሙሉው ክፍል 25 ደቂቃ ገደማ መሆን አለበት። ከ22 በታች ከሆነ የተቆረጠ ነው፤ ሌላ ቅጂ ይፈልጉ።